ይሉኝታ የማያውቅ መለኪያ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ የወይን ባለሙያ አይደለሁም፤ የኤርፖርት ሆቴል ቫን ሹፌር ነኝ። የሰው ሻንጣ ሳነሣና ሳወርድ ውዬ ቤቴ ስገባ እጄን የሚያፍታታልኝ ሌላ ሥራ ፈልጌ ነው ጋራዥ ውስጥ ወይን መጥመቅ የጀመርኩት። ሌላው ዓሣ ያጠምዳል፣ ሌላው ኳስ ያያል፤ እኔ ወይን እጨፈልቃለሁ። በመስከረም ከተራሮቹ ወዲያ ካሉት እርሻዎች የወይን ፍሬ በሣጥን በሣጥን ይመጣል። ስድስት ሣጥን እገዛለሁ፣ ባልዲ ውስጥ እጨፈልቃለሁ፣ ፈልቶ ሲያበቃ አጥልዬ አንገታቸው ጠባብ በሆኑ ትልልቅ ጠርሙሶች እሞላና ጥግ አስይዛቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእግዜርና የእርሾው ነው ብዬ አምን ነበር።

አምና የጠመቅሁት ኮምጣጤ ሆነ። ኮምጣጤ መሆኑን ያወቅሁት ግን ከጠጡት ሰዎች አይደለም። የማኅበር ተራ ደርሶን አሥራ አራት ሰው ቤታችን ተሰብስቦ ነበር፤ አሥራ አራቱም ቀመሱት፣ አሥራ አራቱም «ይጣፍጣል» አሉ። አንዷማ አሠራሩን በወረቀት ጻፍልኝ ብላኝ ጽፌ ሰጥቻታለሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ሰብለ ሳሎን ያለውን አበባ ውሃ ላጠጣ ብላ ስትጠጋ አፈሩ ቀይ ሆኖ አገኘችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አበባው ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ሞተ። ከአሥራ አምስቱ ቀማሾች እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።

በሰዎቹ አልፈርድም። እኔም ብሆን የሰው ቤት ገብቼ የቀረበልኝን ጨው የበዛበት ወጥ «እንዴት ይጣፍጣል!» እያልኩ ጨርሼ፣ ይጨመርልህ ሲሉኝ ተጨምሮልኝ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ ባለቤቱ ፊት እውነት መናገር ሰሃን ከመስበር አይተናነስም። ችግሩ ወይን ለሚጠምቅ ሰው ነው። ማንን ጠይቆ ያሻሽል?

ዘንድሮም ይህ ነገር ያን ያህል ባላሳሰበኝ ነበር፤ ልጄ ሊዲያ ባትመጣብኝ። ሊዲያ አንድ ለእናቷ፣ አንድ ለአባቷ ናት። ሬድመንድ በምትባል ጎረቤት ከተማ ነው የምትሠራው። ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ መጥታ ሶፋው ላይ ከተቀመጠች በኋላ እንደ ዋዛ ጀመረችው።

«ዳድ፣ የናሆም ፋሚሊ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ከገና በኋላ። ኦኬ?»

ናሆምን አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲገባም ሲወጣም ጫማውን የሚያስተካክል። ደስ አለኝ። ሽማግሌዎቹን ማን እንደሚመራ ጠየቅኋት።

«አጎቱ ናቸው፣ አቶ ሀብቶም። ታኮማ ነው የሚኖሩት። ሶ... አዲስ አበባ እያሉ ወይን ፋብሪካ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። ትወንቲ ኤይት ይርስ። አንተም ወይን እንደምትሠራ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሂ ኢዝ ሶ ኤክሳይትድ!»

ሰብለ ወደ ሞተው አበባ ማሰሮ አየች። እኔም አየሁ።

«የተገዛ ብናቀርብ ምን ይላሉ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ኖ፣ ዳድ! ያንተ እንዲሆን ነው የምፈልገው» አለችኝ። ይህን ስትል ድምጿ ትንሽ ተሰባበረ፤ የልጅነት ድምጿ ነው። እንግዲህ ምን ይባላል? ሃያ ስምንት ዓመት ወይን ሲቀምስ የኖረ ሰው ልጄን ሊጠይቅ ቤቴ ይመጣል፤ በእጄ የሠራሁትን አቀርብለታለሁ፤ ከፋም በጀም «የልጅቷ አባት ይኼ ነው» ይላል።

ምላስ ሁሉ ይሉኝታ ካለው ምላስ የሌለው ነገር መፈለግ አለብኝ አልኩ። የጠመቃ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩና ነጭ ጢማም ለሆነው ሻጭ ነገሩን አጫወትኩት። እሱም ስለ ፒኤች አስረዳኝ። ፒኤች ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ የኮምጣጣነት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ይኮመጥጣል፤ ሲወጣ ወይኑ ይለሰልስና ቶሎ ይበላሻል። ንጹሕ ውሃ ሰባት ነው። ጥሩ ቀይ ወይን ሦስት ተኩል አካባቢ ይሆናል። ቁጥር! ሰው አያፍር፣ ሰው አይፈራ፣ «ይጨመርልህ» ሲባል አይግደረደር። የምፈልገው ይህንኑ ነበር።

መለኪያውን ግን ለመግዛት ስነሣ ዋጋው ከአሥራ ሁለት ዶላር እስከ አራት መቶ ይደርሳል። ጢማሙ ሰውዬ ፊት ለፊት ቆሜ ርካሹን ማንሣት አሳፈረኝ። አያችሁ፣ ይሉኝታን ሽሽት የሄድኩት ሰውዬ ይሉኝታ ይዞኝ «አስቤበት እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። እንዲያው ባዶ እጅ መውጣትም ስላሳፈረኝ ደጃፉ ላይ የነበረውን የወረቀት መለኪያ አነሣሁ። በጣም ርካሽ ነው፤ ወረቀቷን ፈሳሹ ውስጥ ትነክራላችሁ፣ የያዘችውን ቀለም ከሠንጠረዡ ጋር ታስተያያላችሁ። ቤት ገብቼ ወይኑ ውስጥ ነከርኳት፤ ቀይ ሆነች። በሠንጠረዡ መሠረት የመኪና ባትሪ አሲድ ጠምቄያለሁ። ደንግጬ ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ቀይ ወይን ውስጥ የገባ ወረቀት ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

ከዚያ ጓደኛዬን ግርማን ኮል አደረግሁ። ግርማ ቤልቪው የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ ጥርስ ብሩሽ ሲገዛ እንኳ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል።

«አትቸኩል፤ ኮምፔር ሳታደርግ እንዳትገዛ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ዓይነት ፒኤች ሜትር በኤክሴል ደርድሮ ላከልኝ። ዋጋው፣ ትክክለኛነቱ፣ ባትሪው፣ ክብደቱ ሁሉ አለበት። ክብደቱ ለምን እንደሚያስፈልገኝ ስጠይቀው «ይኖራል እንጂ ምን ይጎዳል?» አለኝ። የገዢዎችን አስተያየት ደግሞ ሰብለ ስታነብልኝ አመሸች። አሥራ ሁለት ዶላር የሚያወጣውን ብጫ እስኪርቢቶ የመሰለ መለኪያ አንዱ የዓሣ ገንዳ ለክቶበት ሲመሰገን፣ ሌላው በሁለተኛው ቀን ሞተብኝ ብሎ ይራገማል። መቶ ሰማንያ ዶላር ስለሚያወጣው ደግሞ የጻፉት ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተሰዳደቡ ነው። ሊዲያ መጥታ ስታየን ራሷን ያዘች።

«ዳድ፣ ጀስት ባይ ዋን!»

በመጨረሻ ወደ ጢማሙ ሰውዬ ተመለስኩና ሠላሳ አራት ዶላር የሚያወጣውን ገዛሁ። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሐዝ ያሳያል፤ ጫፉ ላይ ሽምብራ የምታህል ቀጭን የመስታወት ጉብታ አለችው፤ ክዳኑ ውስጥ ያቺ መስታወት እንዳትደርቅ የምትነከርበት ፈሳሽ አለ። ሻጩ ሦስት ነገር ነገረኝ። በለካህ ቁጥር መጀመሪያ ይኼን ዱቄት በጥብጠህ መለኪያውን አስተካክልበት፤ መስታወቷን አታድርቃት፤ በምንም ነገር አትፈትጋት። ሦስቱንም «እሺ» አልኩ። በልቤ የያዝኩት ግን ወይኑ ቁጥሩ ቢበዛ ትንሽ ታርታሪክ አሲድ የሚባል ነጭ ዱቄት ይጨመርበታል ያለኝን አራተኛውን ነው።

እዚህ ላይ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። እማማ ዘነበች የሰብለ እናት ናቸው፤ ለስድስት ወር ሊጠይቁን መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከእኔም ከሰብለም ቀድመው ይነሣሉ። በመጡ በሳምንታቸው የምድጃውን ጀርባ አጽድተው አንድ የጠፋ የሰብለን ጉትቻ አገኙ። በሁለተኛው ሳምንት ጋራዡን ጠረጉት፤ ለካ ወለሉ ግራጫ ነው! ሽማግሌ እንደሚመጣ ሲሰሙማ ቤቱን እንደ አዲስ ተያያዙት። ማታ የተነከረ ዕቃ እስከ ጠዋት ከቆየ ነውር ነው የሚሉ ሴት ናቸው።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ መለኪያውን በማስተካከያው ብጥብጥ አስተካክዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወይኑ ውስጥ ነከርኩት። ሦስት ነጥብ ሰባ ሁለት። በሕይወቴ ስለ ወይኔ የሰማሁት የመጀመሪያ እውነት ነው፤ ጥሩ ነው ግን ትንሽ ለስለስ ብሏል ማለት ነው። በታዘዝኩት መሠረት ጥቂት ታርታሪክ አሲድ ጨምሬ አማሰልኩ። ነገ ደግሜ እለካለሁ ብዬ መለኪያውን በክዳኑ ከድኜ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

በማግሥቱ ሰባት ነጥብ ዜሮ ዜሮ አለኝ።

ክዳኑ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ የለም፤ ተንኖ ነው አልኩ። መለኪያውን እንደገና ማስተካከል ነበረብኝ፤ አላደረግሁትም። ትናንት ፊደል የቆጠረ ዛሬ እንደገና ሀሁ በል ይባላል እንዴ ብዬ ነው። የማውቀው ውሃ ሰባት መሆኑን ነው። ወይኔ በአንድ ቀን ውሃ ሆነ! የአሲዱን ዱቄት ጨመርኩ። ለካሁ፤ ሰባት። እንደገና ጨመርኩ። ሰባት። እንግዲህ ነገሩ በሌላ በኩል ሲታይ ጥሩ ምልክት መሰለኝ፤ ይህ መሣሪያ ፍንክች የማይል፣ ቃሉ አንድ የሆነ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስመለስ እየጨመርኩ ከረምኩ። ከሱቁ ሁለተኛ ከረጢት ዱቄት ስገዛ ጢማሙ ሰውዬ «ብዙ ትጠምቃለህ መሰለኝ» አለኝ፤ እኔም «አዎ» አልኩ፤ ስድስት ሣጥን ነው ማለት አፈርኩ።

ቀምሼው ነበር፤ አልዋሽም። ከጆሮዬ ሥር ያለው ሥጋ ተኮማተረ፣ አንድ ዓይኔ አለቀሰ። ግርማን ኮል አደረግሁና ነገርኩት።

«ቁጥሩ ስንት ይላል?»

«ሰባት።»

«ሶ ሰባት ከሆነ ሰባት ነው። ዳታ ይዘህ በምላስህ ትከራከራለህ?»

እውነቱን ነው ብዬ ምላሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ሰብለ ቀምሳ «ደህና ነው» አለችና ወዲያው ውሃ ጠጣች። እማማ ዘነበች በሲኒ ቀምሰው ዓይናቸውን ለረጅም ጊዜ ጨፍነው ቆዩ።

«ይጣፍጣል፤ እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ደንቡን አውቀው ካልተፈቀደልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ተለምነው ተቀመጡ። አቶ ሀብቶም ቀጭን፣ ባርኔጣ የያዙ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። «ልጃችን ናሆም ልጃችሁን ሊዲያን ወዷል፤ በእኛ በኩል ልንለምናችሁ መጥተናል» አሉ፤ ባጭሩ፣ ባማረ ቋንቋ። በእኛ በኩል ግርማ ተቀምጧል። እኔም ደንቡን አውቃለሁ። ወዲያው እሺ አይባልም፤ ልጅ ርካሽ አይደለችም። ማዕድ ቀርቦ ከተበላ በኋላ «ከቤተሰብ እንምከርበት፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» ልል ተዘጋጅቻለሁ። ሁለት ሳምንት የሚለውን መስታወት ፊት ሁሉ ተለማምጄዋለሁ።

ወይኑን ራሴ ቀዳሁ። ሊዲያ የወጥ ቤቱ በር ላይ ሰሃን ይዛ ቆማ ታየኛለች። አቶ ሀብቶም ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥተው ቀለሙን አዩ፤ አዞሩት፤ አሸተቱት። ፊታቸው ፈካ፤ ልቤም አብሮ ፈካ። ከዚያ ጎንጨት አሉ። ትከሻቸው ወደ ላይ ወጣ። ቆይተው ዋጡት፤ ስለዋጡት እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

«ይጣፍጣል!» አሉ በቀኛቸው የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ልዩ ነው» አሉ በግራቸው ያሉት።

«ስሙዝ ነው» አለ ግርማ፤ እሱ እንኳ ገና አልቀመሰውም።

አቶ ሀብቶም ብርጭቆውን አስቀመጡና ወደ ቀኝ ዞሩ።

«ምኑ ነው የሚጣፍጠው?»

ሰብለ ምንጣፉን ማየት ጀመረች። ሊዲያ ሰሃኑን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። አለቀ አልኩ። ልጄ አንድ ነገር ብቻ ለምናኝ ነበር፤ እሱኑ አበላሸሁባት።

«ይኼ ወይን መጀመሪያ ጥሩ ወይን ነበር» አሉ አቶ ሀብቶም። «ፍሬው ጥሩ ነው፣ ሽታው ንጹሕ ነው። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ገደለው። ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን ጨመሩበት?»

«ታርታሪክ አሲድ።»

«ምን ያህል?»

ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ሶፋው ላይ አስቀመጡ።

«ለምን?»

«ሰባት ነበራ! እስከ ዛሬ ጠዋት ሰባት ነው!»

«ወይን ሰባት?» ብለው ሳቁ። «ስማ ወደይ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ስሠራ ሰባት የሆነ ወይን አላየሁም። እስቲ መለኪያህን አምጣው።»

ወደይ ያሉት በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። አምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከ«እርስዎ» ወርጄ ልጅ ስባል ግን ቅር አላለኝም። መለኪያውን አመጣሁ። ወይኑ ውስጥ ነከሩት፤ ሰባት። የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከሩት፤ ሰባት። ሰላጣው ላይ ከነበረው ሎሚ ማንኪያ ላይ ጨምቀው ነከሩት፤ ሰባት ነጥብ ዜሮ ዜሮ። ያ ይሉኝታ የለውም ብዬ የገዛሁት መሣሪያ ለሁሉም አንድ ቃል ነው የሚናገረው። እሱም እኛን ሆኗል።

አቶ ሀብቶም መነጽራቸውን አድርገው ጫፉን መረመሩት።

«መስታወቱ ተሰንጥቋል። በምንድን ነው የሚታጠበው?»

«እኔ ነኝ የማጸዳው» አሉ እማማ ዘነበች ከጥግ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብለው። «ይኼን ዕቃ እንዲያው ረስቶት ነው መሰለኝ ውሃ ክዳኑ ውስጥ አቁሮበት አገኘሁት። ጫፉ ላይ ደግሞ ወይን ደርቆበታል። ውሃውን ደፍቼ በድስት ሽቦ ፈተግሁት። ፀሐይ ላይ እንዳላሰጣው እዚህ አገር ፀሐይ የለም፤ ማሞቂያው ላይ አደረቅሁት። ከዚያ ወዲህማ በየቀኑ ነው፤ እንግዳ ይመጣል እየተባለ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አማት ናቸው። ምን ይባላል?

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሊዲያ ናት። ሰሃኑ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሰብለ ተከተለች፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ፤ «ይጣፍጣል» ያሉት ሰውዬ እንባቸውን የሚጠርጉበት ሰበብ አገኙ። እማማ ዘነበች ምን እንደሚያስቅ ባይገባቸውም እንግዳ ሲስቅ ደስ ይላቸዋል። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ውስጤ ሌላ ነገር ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከልቤ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስለ ወይኔ እውነቱን ነገረኝ፤ ያውም ልጄን ሊለምን መጥቶ፣ ደስ ሊያሰኘኝ በሚገባው ቀን።

«ይድናል?» አልኳቸው አቶ ሀብቶምን።

«ለስላሳ ወይን እንቀላቅልበታለን፤ ብርድ ቦታ እናስቀምጠዋለን። ቀሪው ጊዜ ነው» አሉኝ።

ተበልቶ ካበቃ በኋላ በግራ ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ቀጠሯችን ለመቼ ይሁን?» አሉ። ሰብለ ሁለት ሳምንት በል የሚለውን ምልክት በዓይኗ ሰጠችኝ። እኔ ወደ ሊዲያ አየሁ። ሌላ ቤት ልትገባ ነው። ስትሳሳት ፊት ለፊት የሚነግራት፣ ነግሯትም ጠርሙሱን አብሯት የሚያነሣ ሰው ያለበት ቤት ከሆነ ምን እመክርበታለሁ?

«ለልጅቷ ቀጠሮ አያስፈልግም» አልኩ። «ሰጥተናል።»

«ዳድ!» አለች ሊዲያ። ሰብለ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ከዚያ ግን እጄን ያዘችኝ። እማማ ዘነበች ከሁላችን ቀድመው እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ።

አቶ ሀብቶም ባርኔጣቸውን አድርገው ከበሩ ሲደርሱ ዞሩ።

«እንግዲያው ቀጠሮውን ለወይኑ ስጡልን» አሉ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት እመለሳለሁ።»

ሠርጉ በበጋ ሆነ፤ የቀረበውም የተገዛ ወይን ነው። ርካሽ ፒኤች ሜትር የቱ ይሻላል ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። የሠላሳ አራት ዶላሩ ደህና ነው፤ ነገር ግን ቤታችሁ ማን ዕቃ እንደሚያጥብ አስቀድማችሁ እወቁ እላቸዋለሁ። እኔ ሌላ አልገዛሁም። አቶ ሀብቶም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከታኮማ መጥተው ጋራዡ በር ላይ ፓርክ ያደርጋሉ። በትንሽ ብርጭቆ እቀዳላቸዋለሁ። ጎንጨት ይሉና ትከሻቸው ወደ ላይ ይወጣል፤ አምና ከወጣው ግን በትንሹ ያንሳል።

«ገና ነው» ይሉኛል።

እኔም ደስ ብሎኝ ጠርሙሱን መልሼ እከድናለሁ።